ሎዳሞ እያለ ካርታ ለምን

የጋሽ ሎዳሞን ሞት የነገረኝ ታሪኩ ነው፤ ድሮ በውሃ ቢሮው አብረን የሠራን የሒሳብ ሠራተኛ። ሆሳዕና ቢሮዬ ውስጥ ሆኜ ወደ ስብሰባ ለመግባት ወረቀት እየሰበሰብኩ ነበር። ስልኩን አንስቼ "አቤት ታሪኩ" ስለው ሰላምታ እንኳን አላስቀደመም።  "ጋሽ ሎዳሞ አረፉ" አለኝ። "ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው።" እኔ ደግሞ እንደ ሰው ማልቀስ ሲገባኝ "ነገ የውሃው ፈረቃ የየትኛው ሰፈር ነው?" ብዬ ጠየቅኩት። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም። እሳቸውን ሳስብ ሁልጊዜ ውሃው ይቀድመኛል መሰለኝ። ታሪኩም ሳይገርመው "የታችኛው" ብሎ መለሰልኝ።

ጋሽ ሎዳሞን ያወቅኋቸው ከዱራሜ ወዲህ ባለች አንዲት ትንሽ የከምባታ ከተማ ነው። ስሟን ልተወው፤ የሚያውቃት ያለ ስሟም አይስታትም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀጠርኩት እዚያ ነበር። አባቴ ከሰሜን መጥቶ ሆሳዕና የቀረ መምህር ነው። ሀድይኛ ከሰፈር ልጆች ጋር ስጫወት ለምጃለሁ፤ ከምባትኛ ግን "ጡማ" ከሚለው ሰላምታ በቀር አልነበረኝም። እሱንም ያስተማሩኝ ጋሽ ሎዳሞ ናቸው።

የውሃ ቢሮው የመስመር ሠራተኛ ነበሩ። አጭር፣ ደንደን ያሉ፣ ፀሐይም ቢሆን ዝናብም ቢሆን ከራሳቸው የማይወርድ የሱፍ ኮፍያ ያላቸው ሰው። ትከሻቸው ላይ ከቁመታቸው የሚረዝም የቫልቭ መክፈቻ ቁልፍ አይጠፋም። አንድ ቦታ ውሃ ሲጠፋ የቁልፉን ጫፍ መሬት ውስጥ ካለው ቫልቭ ላይ ያሳርፉና እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ከዚያ "ከትምህርት ቤቱ ወዲህ ነው የሚያፈሰው" ይላሉ። ሲቆፈር እውነትም ከትምህርት ቤቱ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ሳይ ሰውየው የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር።

"ይተንፍስ" የምትል ቃል ነበረቻቸው። ባዶ በዋለ ቱቦ ውስጥ አየር ይኖራል። ቫልቩ በአንዴ ከተከፈተ ውሃው ከአየሩ ጋር ይላተምና አሮጌውን ቱቦ ያፈነዳዋል። ስለዚህ ሩብ ዙር ይከፍቱና ይቆማሉ። "ይተንፍስ" ይላሉ። የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ስለነበሩ ከመዝሙር አንዱን ቤት በልባቸው እስኪጨርሱ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ሌላ ሩብ ዙር። ለሰውም ያው ነበሩ። በቆጣሪው ንባብ የተናደደ ደንበኛ መጥቶ ሲጮህብን ወንበር ይስቡለትና ወደ እኛ ዞር ብለው "ይተንፍስ" ይላሉ። ሰውየው ጮሆ ጮሆ ሲደክመው ብቻ ነው ነገሩ የሚጀመረው።

እኔ የተቀጠርኩት በኮምፒውተር ባለሙያነት ነው። በተግባር ግን ሥራዬ ፕሪንተሩ የነከሰውን ወረቀት ማላቀቅ ነበር። ይህ ስላንገበገበኝ አንድ ሐሳብ አመጣሁ። ከተማው የቱቦ ካርታ አልነበረውም። ድሮ የነበረውን መስመሩን የዘረጉት ሰዎች ይዘውት ሄዱ የሚል አለ፤ አይጥ በላው የሚልም አለ። እንግዲያው በጂፒኤስ እየለካን ቱቦው የት እንዳለፈ፣ ቫልቩ የት እንደተቀበረ መዝግበን ታብሌት ላይ እናስቀምጠው አልኩ። ከዚያም የፕሮጀክቱን አዋጭነት የሚያስረዳ ሰነድ ጻፍኩ። ሠላሳ ምናምን ገጽ ነበር። "ዲጂታላይዜሽን" የሚለው ቃል ያልገባበት ገጽ የለውም። ዛሬ ሳነበው ፊቴ ይቀላል።

ሰነዱ የውሃ ቦርዱ ፊት ቀረበ። ሰብሳቢው አቶ ደምሴ የከተማው የረጅም ጊዜ ነጋዴ ናቸው፤ ቀልድ የሚወዱ፣ ነገር የማያንዛዙ ሰው። ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ በሩ አጠገብ የተቀመጡትን ጋሽ ሎዳሞን እያዩ "ሎዳሞ እያለ ካርታ ለምን?" አሉ። ቤቱ ሳቀ። ጋሽ ሎዳሞም ኮፍያቸውን አስተካክለው ፈገግ አሉ። በሚቀጥለው ዙር ፎቶና ሰንጠረዥ ጨምሬ በፕሮጀክተር አቀረብኩ። ጥያቄውም ያው፣ ሳቁም ያው ሆነ። ቃለ ጉባኤው ላይ "ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ለጊዜው ይቆይ" ተብሎ ተጻፈ። አልደብቅም፣ ያን ቀን ጋሽ ሎዳሞን ጠላኋቸው። ቀደም ብዬ የቫልቮቹን ቦታ እንዲያሳዩኝ ለምኛቸው ነበር። በጣታቸው ኮፍያቸውን መታ መታ አድርገው "እዚህ አለ፤ አይጠፋም" ነበር ያሉኝ።

የጠፋው በመስቀል ሰሞን ነው፤ እዚያ አገር መሳላ ይሉታል።

የቫልቭ ጉድጓድ ክዳን ብረት ነው። ብረት ደግሞ አንድ ቀን ከተዘናጉበት ከቁራሌው ጆንያ ውስጥ ይገባል። ጋሽ ሎዳሞ በዚህ ስለተማረሩ ብዙ የማይነኩትን ቫልቮች በድንጋይ ከድነው አፈር ያለብሷቸው ነበር። ምልክታቸው የሰው ጓሮ ነው። ዋናውን መስመር የሚዘጋው ቫልቭ ወይዘሮ ታደለች የሚባሉ ጎረቤታቸው ጓሮ ውስጥ፣ ከአጥሩ ጥግ ሲቆጠር ሦስተኛው እንሰት ሥር ነበር።

በዓሉ ባለፈ በሳምንቱ ዋናው ቱቦ ከትምህርት ቤቱ በታች ፈነዳ። መንገዱ ወንዝ ሆነ። ጋሽ ሎዳሞ ቁልፋቸውን ተሸክመው እየተጣደፉ ወይዘሮ ታደለች ጓሮ ገቡ፤ እኔም ተከትያቸው ነበር። ገብተው ቆሙ። ሦስተኛው እንሰት የለም። ሁለተኛውም አራተኛውም የሉም። ወይዘሮ ታደለች ከምራቶቻቸው ጋር ሆነው ለመሳላ ቆጮ አስቀድመው ነቅለው ፍቀዋቸዋል፤ በቦታው አዲስ ችግኝ በሌላ መስመር ተተክሏል፤ አጥሩም ወደ ውጭ ተገፍቷል። ጋሽ ሎዳሞ ደግሞ በበዓሉ ዕለት እዚያው ቤት ተጋብዘው የዚያን እንሰት ቆጮ በአይብ በልተዋል። ታጠቡም፣ መረቁም፣ "ጥሩ ቆጮ ነው" ብለውም ወጡ እንጂ ከየት እንደመጣ ልብ አላሉም።

እስኪመሽ ቆፈሩ። እጃቸው ደማ። ችግኙ እንዳይጎዳ ወይዘሮ ታደለች እየለመኑ፣ እሳቸው ይቅርታ እየጠየቁ። ቫልቩ አልተገኘም። ያለው አማራጭ ከኮረብታው ያለውን ማጠራቀሚያ ዘግቶ ከተማውን በሙሉ ማድረቅ ነበር። ሦስት ቀን ውሃ አልነበረም። ለጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል ውሃ በጀሪካን በአህያ ተመላለሰ፤ አንዲት ምጥ የያዛት ሴትም "እዚህ በዚህ ሁኔታ አናዋልድም" ተብላ በባጃጅ ወደ ዱራሜ ተላከች። ደግነቱ እናትም ልጅም በሰላም ተመለሱ። የቢሮው ሪፖርት ላይ ምክንያቱ "የመስመር እርጅና" ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ናቸው እንዲህ ጻፊ ያሉኝ፤ የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ። ከቢሮው እውነቱን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን።

 ከሳምንት በኋላ ጋሽ ሎዳሞ ከምሳ መልስ ቢሮዬ ገብተው ተቀመጡና "እስቲ ያን ወረቀትሽን አምጪው" አሉኝ። አንድ ጆሮው በክር የታሰረ መነጽራቸውን አድርገው እዚያው ማንበብ ጀመሩ። ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ጨርሰው ሲዘጉት እንዲህ አሉኝ፦

"ሜሮን፣ ይሄ ወረቀት ውስጥ ውሃው የት አለ?"

 አንዱን ገጽ አውጥተው በጣታቸው አሳዩኝ። "'ስጋት፦ የተቋማዊ ዕውቀት መጥፋት' ይላል። ይሄ ማን ነው?"

አፈርኩ። "እኔ ነኝ አይደል?" አሉ።

"አዎ፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ስሜን ለምን አትጽፊም?"

ሰነዱን እንደገና ጻፍነው። እኔ እጽፋለሁ፣ እሳቸው ይሰርዛሉ። "ማኅበረሰቡ" ብዬ ስጽፍ ተቆጡ። "ማኅበረሰቡን ደምሴ አይቶት አያውቅም። አዋላጇን ግን ያውቃታል፤ አዋላጇን ጻፊ።" ይዘውኝ ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ አዋላጇም እነዚያን ሦስት ቀናት እንዴት እንዳሳለፈች ነገረችን፣ እንደነገረችን ጻፍነው። "ሲስተሙ ያስችላል" የሚለውን አጠፉና "እስቲ ምን እንደሚያደርግ እንደ ሰው ንገሪያቸው" አሉኝ። ስለ ታብሌቱ የጻፍኩት አራት ገጽ ወደ አንድ አንቀጽ ወረደ። ልቤ ደማ፤ ያን አራት ገጽ እወደው ነበር። ወጪውን ደግሞ "አትደብቂው፣ መጀመሪያ ላይ አምጪው፤ ከኋላ የተሸሸገ ነገር ሰውን ያስጠረጥራል" ብለው ወደ ፊት አመጡት። ሠላሳው ገጽ አራት ሆነ።

ሁለተኛው ገጽ ላይ የእንሰቱ ታሪክ ነበር፤ ከነስማቸው። እዚያ ላይ መጻፌን አቆምኩ።

"ጋሼ፣ ጡረታዎ ሦስት ወር ነው የቀረው። ማንም ሳያውቅ በክብር ቢወጡ ምን አለበት?"

"እነሱ ካርታ አንፈልግም የሚሉት በምን ምክንያት ነው?" አሉኝ።

"እርስዎ ስላሉ።"

"እንግዲያው አለመኖሬን ከእኔ በቀር ማን ያሳያቸዋል? ጻፊ።"

ጻፍኩ። ያን ቀን እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት፣ እሳቸው ከወጡ በኋላ።

የቦርዱ ቀን ደረሰ። እኔ ገና ሳልጀምር አቶ ደምሴ ያችኑ አመጧት። "ሜሮን፣ ደግሞ መጣሽ? ሎዳሞ እያለ ካርታ ለምን?" ቤቱ ለመሳቅ ተዘጋጀ። ጋሽ ሎዳሞ ከበሩ አጠገብ ተነሱ። ኮፍያቸውን አወለቁ። በዚያ ቢሮ ባሳለፍኩት ዘመን ሁሉ ራሳቸውን አይቼው አላውቅም፤ መላጣ ነበሩ።

"እናንተ 'ሎዳሞ እያለ' ስትሉ እኔ ደስ ይለኛል" አሉ። "ስንት ዓመት ደስ ሲለኝ ኖሬያለሁ። አሁን ግን ልንገራችሁ። በመሳላ ጊዜ ውሃ የጠፋው ቱቦው አርጅቶ አይደለም። ቱቦው ፈነዳ፣ እሱ ያጋጥማል፤ በግማሽ ሰዓት ይዘጋ ነበር። ቫልቩ ጠፍቶኝ ነው። እንሰት ሥር አድርጌው ነበር። ያን እንሰት የመረጥኩት ትንሽ ስለነበረ ነው፤ ይሄ እስኪደርስ እኔ ጡረታ እወጣለሁ ብዬ። ሳላየው አደገ። ደረሰ፣ ተፋቀ፣ እኔም በልቼዋለሁ።"

አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ሳል አስመሰለው።

"ያቺ ወደ ዱራሜ የተላከችው ልጅ በእኔ ጥፋት ነው የተላከችው። ነገ ደግሞ እሞታለሁ። ሁላችሁም ለለቅሶዬ ትመጣላችሁ፣ አውቃለሁ። ለለቅሶኛው ውሃ የሚከፍተው ማን ነው? እኔ ከሳጥኑ ተነስቼ አልከፍትላችሁ።"

ይህን ብለው ቁጭ አሉ።  ዝምታው አስጨነቀኝና ያዘጋጀሁትን ማብራሪያ ልጀምር አፌን ስከፍት እጅጌዬን ያዝ አደረጉኝ። "ይተንፍስ" አሉኝ በሹክሹክታ።

ቆየ።  መጨረሻ ላይ አቶ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ለመሆኑ የእኔ ሰፈር ቫልቭ የት ነው ያለው?" ብለው ጠየቁ።

"ከግቢህ ጀርባ፣ ከትልቁ ባሕር ዛፍ ሥር።"

አቶ ደምሴ ጥቂት አሰቡ። "እሱን እኮ ባለፈው ወር አስቆርጬ ሸጥኩት" አሉ። ከዚያ እስክሪብቶ ጠየቁና ፈረሙ።

ይህን ለሰው ስነግር ሁሉም እዚህ ላይ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ። ነገር ግን የከፈሉትን የማውቀው እኔ ነኝ። ወሬው በማግስቱ ገበያ ደረሰ። ከዳምቦያ ለገበያ የመጣው ሁሉ ሳይቀር "ጋሽ ሎዳሞ፣ እንሰቱ ተገኘ?" ይላቸው ጀመር። ሰው ለክፋት አልነበረም፤ እሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር። ግን ውሃ የጠፋበት ሰው እንደ ድሮው "ጋሽ ሎዳሞን ጥሩልኝ" ማለቱን ትቶ "ቢሮው ይምጣ" ማለት ጀመረ። አንድ ቀን ቁልፉን ትከሻቸው ላይ እንዳደረጉ "አሁን ቀሎኛል" አሉኝ። እውነታቸውን ይሁን ለእኔ ብለው አላውቅም። አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት በነበረው በጋ ከተማውን አብረን ዞርነው። እሳቸው ከፊት፣ እኔ ታብሌቴን ይዤ ከኋላ። ቫልቩ ላይ እንቆማለን፣ ጂፒኤሱ ቦታውን ይይዛል፣ እሳቸው ማስታወሻውን ይናገራሉ፣ እኔ እተይባለሁ። "ይሄ ግትር ነው፣ ዘይት ይፈልጋል።" "እዚህ ግቢ ውሻ አለ፣ አስቀድማችሁ ተጣሩ።" የወይዘሮ ታደለችንም በመጨረሻ አገኘነው፤ ከቆፈሩበት ሁለት እርምጃ ብቻ ነበር የራቀው። ጋሽ ሎዳሞ ለረጅም ጊዜ አዩትና ወደ ቀጣዩ ሄዱ።

የመጨረሻው ቫልቭ የራሳቸው ሰፈር ነበር፣ ከከተማው ጫፍ። ፈረቃው ሳይደርስ ለሰፈሩ ብቻ ውሃ የሚሰጥ ትንሽ ቫልቭ ነው። እዚያ ስንደርስ "ይሄኛውን እኔ ልጻፍ" ብለው ታብሌቱን ተቀበሉኝ። በአንድ ጣት አንድ ፊደል እየፈለጉ ነው የሚጽፉት። ፀሐዩ ስላቃጠለኝ ጥላ ፈልጌ ተቀመጥኩ፤ "ጋሼ፣ መጽሐፍ ነው እንዴ የሚጽፉት?" እያልኩም ቀለድኩባቸው። ሲጨርሱ ሳላነበው አስቀመጥኩት። ያን ቀን የቸኮልኩት ለምን እንደነበር አሁን ትዝ አይለኝም።

ብዙም ሳይቆይ እኔ ሆሳዕና ተዛወርኩ። በበዓል በበዓል እደውልላቸው ነበር። "ካርታሽ ደኅና ነው?" ይሉኛል፣ "ጡማ" ብለን እንዘጋለን።

የቀብሩ ዕለት የተሳፈርኩበት መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ አረፈድኩ። ስደርስ ቀብሩ አልቆ ሕዝቡ ወደ ድንኳኑ እየተመለሰ ነው። ከሺንሺቾ፣ ከሙዱላ ሳይቀር ሰው መጥቷል። ሴቶቹ ባዶ ጀሪካን ይዘው ግቢው ውስጥ ይተራመሳሉ፤ እህል ውሃ ሊቀርብ ነው፣ ቧንቧው ግን ደረቅ ነው። ፈረቃው የታችኛው ሰፈር ነበር። በጋሽ ሎዳሞ ቦታ የተተካው ኤርምያስ የሚባል የሙዱላ ሰው ነው። አገኘሁትና የሰፈሩን ትንሽ ቫልቭ ጠየቅኩት።

"እሱ ተከፍቶ አያውቅም" አለኝ። "ጋሼም በሠሩበት ዘመን ለራሱ ሰፈር ከፈተ እንዳልባል ብለው አልነኩትም አሉ። የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ እኔም ካርታው ላይ ፈልጌው አላውቅም።"

"ታብሌቱን ይዘሃል?"

ይዞታል። ወደ ሰፈሩ ጫፍ ሄድን። ቦታውን በዓይኔ ብፈልግ አላውቀውም ነበር፤ ጥላው ሥር የተቀመጥኩበት ዛፍ እንኳን የለም፣ ሁሉም ሣር ለብሷል። ስክሪኑ ላይ ያለችው ነጥብ እስክትገጥም ተራመድን። ኤርምያስ ሣሩን በአካፋ ገፈፈው። ድንጋዩ ወጣ፤ ከድንጋዩ በታች ቫልቩ። ያኔ ማስታወሻውን ነካሁትና አነበብኩት፦

"ይሄ የኔ ሰፈር ነው። ያለ ተራ ከፍቼው አላውቅም። ለለቅሶዬ ቀን ክፈቱት። ሩብ ዙር ብቻ፤ ከዚያ ይተንፍስ። ሜሮን ካለሽ አታልቅሺ።"

አለቀስኩ እንጂ፣ ምን ላድርግ።

ኤርምያስ ቁልፉን አስገብቶ ሩብ ዙር አዞረው። ሊቀጥል ሲል እጅጌውን ያዝኩት። እኔ መዝሙራቸውን አላውቀውም፤ የጴንጤ መዝሙር አልተማርኩም።  ስለዚህ እንደሳቸው እጀታው ላይ ጆሮዬን አሳረፍኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። መጀመሪያ አየር ብቻ ነበር፣ ረጅም አየር። ቀጥሎ ከሩቅ ውሃው ሲመጣ ሰማሁት።

"አሁን ጨርሰህ ክፈተው" አልኩት።